ከፍ ላለ መኪና የሚስተካከል ብራቾ አመራረጥ፦ መጀመሪያ ሜትር፣ ቀጥሎ ብር

መኪናቸውን ከፍ ያደረጉ ሰዎች ስለ ብራቾ፣ ጎማውን ወይም አክስሉን ከሻንሲው ጋር ስለሚያያይዘው ብረት፣ ጥያቄያቸው ያው ነው። "የትኛውን ብራቾ ልግዛ?" እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ "ስንት ለካህ?" አብዛኛው ሰው አልለካም። ሞላውን ቀይሯል፣ ሾክ አብዞርበሩን ቀይሯል፣ መኪናው ቆሞ ሲታይ ያምራል። ሲነዳ ግን መሪው ይቀለዋል፤ ወይም ከሥር የሆነ ነገር ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ስልኩ ላይ የሚያብረቀርቅ ብራቾ ያይና ሙሉውን ስብስብ ያዝዛል። ከመጣለት ዕቃ ግማሹ አያስፈልገውም ነበር።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚነዳ ሰው ነው። ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ፣ ከእንጦጦ ማዶ ወደ ሱሉልታ፣ ከሰበታ ወደ ወጨጫ ሥር፣ ከኮዬ ፈጬ ወደ የረር። እዚህ አካባቢ መኪና በአንድ ቀን አስፋልትም፣ ኮብልስቶንም፣ ኮረኮንችም ይረግጣል። ክረምት ከሆነ ዋልካ ይጨመራል። በጋ ሲመጣ ያው ዋልካ አቧራ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ምርጫችሁን የሚወስነው ይህ መሬት ነው እንጂ፣ የውጭ አገር በረሃ ላይ የሚዘል መኪና ቪዲዮ አይደለም።

ከፍ ሲል ሥሩ ምን ይሆናል?

ኮንትሮል አርም፣ ጋራዥ ውስጥ ብራቾ የምንለው፣ አክስሉን ወይም ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ብረት ነው። ሞላው ክብደት ይሸከማል። ብራቾው ደግሞ አክስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ፣ እንዳይዞርም ይይዘዋል። ፍሬን ስትይዙም ነዳጅ ስትሰጡም ኃይሉ የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። የሚስተካከል የሚባለው ርዝመቱ ወይም ማዕዘኑ የሚቀየረው ነው።

መኪናውን ስታነሱት፣ ሻንሲው ላይ የታሰረው የብራቾ ጫፍ አብሮ ይነሳል። ሌላው ጫፍ ከአክስሉ ጋር ታች ይቀራል። ብራቾው ደግሞ አይለጠጥም። ስለዚህ በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር በር ይዞርና አክስሉን ወደ ራሱ ይስበዋል። በአብዛኞቹ መኪኖች የፊት አክስል ወደ ኋላ፣ የኋላው ደግሞ ወደ ፊት ይሳባል።

ምን ያህል? በቁጥር እንየው። ብራቾው ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ 40 ሴ.ሜ. ነው እንበል። ከፋብሪካ ሲወጣ አንዱ ጫፍ ከሌላው 10 ሴ.ሜ. ከፍ ይላል። በአግድም የሚሸፍነው 38.7 ሴ.ሜ. ነው። መኪናውን 5 ሴ.ሜ. ስታነሱት አግድሙ 37.1 ይሆናል። አክስሉ 1.6 ሴ.ሜ. ገደማ ተሳበ። 10 ሴ.ሜ. ብታነሱት ግን 34.6 ላይ ይደርሳል፤ ከ4 ሴ.ሜ. በላይ ተሳበ ማለት ነው። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ከእጥፍ ያልፋል። ሁለት ኢንች የሚባለው የ5 ሴ.ሜ. ከፍታ ብዙ ጊዜ በትንሽ ወጪ የሚታረመው፣ ከዚያ በላይ ያለው ኪስ የሚያራቁተው ለዚህ ነው።

አክስሉ ሲሳብ ብቻውን አይሳብም፤ ትንሽ ይዞራልም። ፊት ላይ ከሆነ ካስተር ይቀንሳል። ካስተር የፊት ጎማው የሚዞርበት መስመር ከላይ ወደ ኋላ ያዘነበለበት ማዕዘን ነው። መሪውን ካዞራችሁ በኋላ ራሱ ተመልሶ እንዲቃና የሚያደርገው እሱ ነው። ካስተር ሲያንስ መኪናው አስፋልት ላይ ይንከራተታል፤ ሁልጊዜ በመሪ ማባበል ያስፈልገዋል። ኋላ ላይ ደግሞ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ፣ ማለትም ፒኞኑ፣ ኃይል ከሚያደርስለት ዘንግ፣ ከፕሮፔለር ሻፍቱ፣ ጋር ያለው ማዕዘን ይዛባል። የሻፍቱ መጋጠሚያ፣ ክሮቸራው፣ ይጮሃል፤ ቆይቶም ይበላል።

አንደኛ፦ መኪናችሁ ምን ዓይነት ብራቾ እንዳለው እወቁ

ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ምክንያቱም ስለ ብራቾ በእንግሊዝኛ የተጻፈው አብዛኛው ምክር ለጂፕ ራንግለር ነው። ራንግለር ከፊት አራት፣ ከኋላ አራት ብራቾ አለው። እኛ ዘንድ ብዙ የሚታዩት መኪኖች እንደዚያ አይደሉም።

ፕራዶ (90፣ 120 እና 150) ፊቱ ሙሉ አክስል የለውም፣ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ላይኛና ታችኛ ብራቾ አለው። ኋላው ግን ሙሉ አክስል በሞላ ነው። ሁለት ታችኛ፣ ሁለት ላይኛ ብራቾ፣ አንድ ደግሞ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዝ ፓናርድ የሚባል ዘንግ አለው። የሚስተካከል ብራቾ ከፊትም ከኋላም የሚሠራለት እሱ ነው።

ከእ.ኤ.አ. 2005 ወዲህ ያለው ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ፊቱ እንደ ፕራዶ ነው። ኋላው ባሌስትራ (የተደራረበ ዝርግ ሞላ) ስለሆነ ብራቾ የሚባል ነገር የለውም። ኋላውን አንስታችሁ ፒኞኑ ከተዛባ፣ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የሚገባ ሽብልቅ ብረት ነው የሚፈለገው። የኋላ ብራቾ ልሽጥልህ የሚላችሁ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ላንድክሩዘር 80 እና 105፣ ከእ.ኤ.አ. 1999 ወዲህ ፊቱ ሞላ የሆነው የ70 ተከታታይ፣ ጂምኒም ጭምር፣ ፊታቸው ሙሉ አክስል ነው። በየጎኑ አንድ አንድ ወፍራም ብራቾ አክስሉን በሁለት ብሎን ጨብጦ ወደ ኋላ ሻንሲው ላይ ይታሰራል። ራዲየስ አርም ይባላል። እዚህ ላይ ርዝመት ማስተካከል ለካስተር እምብዛም አይረዳም፤ ብራቾውና አክስሉ አንድ ላይ ነው የሚዞሩት። 90 ሴ.ሜ. የሚሆን ራዲየስ አርም 5 ሴ.ሜ. ሲነሳ አክስሉን ከ3 ዲግሪ ትንሽ ያለፈ ያዞረዋል። የፋብሪካ ካስተሩ ራሱ ከዚያ ብዙም ስለማይበልጥ ሊያልቅ ይደርሳል። መድኃኒቱ ቀዳዳው ከመሐል ወጣ ያለ የካስተር ጎሚኒ ነው፤ ጎሚኒ ብራቾው ውስጥ ብሎኑ የሚያልፍበት የላስቲክ ቀለበት ነው። ከፍታው ሲበዛ ደግሞ ማዕዘኑ ታርሞ የተሠራ ሌላ ራዲየስ አርም ይገባል።

ሁለተኛ፦ ለኩ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። የሚያስፈልገው ሜትር፣ ጠመኔ፣ ውሃ ልክና ግንበኞች የሚጠቀሙበት ቱንቢ ነው። ለማዕዘን ስልካችሁ ላይ ያለው የዲግሪ መለኪያ ይበቃል፤ ብቻ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጣችሁ ዜሮ መሆኑን አረጋግጡ።

አዲስ ሞላ ከገባ ወዲያው አትለኩ። ሞላ ከጥቂት ሳምንት መንዳት በኋላ ትንሽ ይቀመጣል። ሲለካ ደግሞ መኪናው የተለመደ ጭነቱን ይያዝ፤ ጣሪያ ላይ የሚጫነው፣ ጄሪካኑ፣ ትርፍ ጎማው። ባዶውን ለክታችሁ ብታስተካክሉት፣ ቅዳሜ ቤተሰብና ዕቃ ሲጫን ሁሉም ቁጥር ይለወጣል። የጎማዎቹ ንፋስ እኩል ይሁን።

ጠፍጣፋ መሬት ማግኘት በእኛ አካባቢ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የብዙ ግቢ ኮብልስቶን ለውሃ መውረጃ ዘንበል ተደርጎ ነው የሚነጠፈው። የማደያ ኮንክሪት ወይም የአላይመንት ቤት ወለል ይሻላል።

አሁን ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ አራቱንም ለኩና ጻፉ። መኪናው በእውነት ስንት እንደተነሳ የሚነግራችሁ ይህ ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው አይደለም። ግራና ቀኙ ከ1 ሴ.ሜ. በላይ ከተለያየ መጀመሪያ የሞላውን ነገር አጣሩ።

2. ከየቸርኬው መሐል ቱንቢ ጣሉና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከፊቱ ምልክት እስከ ኋላው ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለኩ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ከፋብሪካው ቁጥር ጋር አስተያዩት፤ ልዩነቱ አክስሎቹ የተሳቡት ነው። የፊቱና የኋላው ተደምሮ የሚመጣ ስለሆነ፣ የትኛው እንደተሳበ ጎማው በፓራፋንጎው መሐል መሆን አለመሆኑን እያያችሁ ለዩ።

3. ከፓራፋንጎው ጠርዝ ቱንቢ አንጠልጥሉና ከገመዱ እስከ ጎማው ጎን ለኩ። ግራው 4፣ ቀኙ 2 ሴ.ሜ. ከሆነ አክስሉ 1 ሴ.ሜ. ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ልዩነቱን ለሁለት ማካፈል እንዳትረሱ። ይህ የብራቾ ችግር አይደለም፤ የፓናርድ ነው። ፓናርድ ያለው አክስል ሲነሳ ዘንጉ ሻንሲው ላይ ወደታሰረበት ጎን ይሳባል።

4. መኪናው በጎማው እንደቆመ ሥሩ ግቡና የፒኞኑን ማዕዘን፣ የፕሮፔለር ሻፍቱን ማዕዘን፣ የትራንስፈር ኬዙን (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) መውጫ ማዕዘን ለኩ። ሦስት ቁጥር። ማርሹ ዜሮ ላይ ስለሚሆን የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ አራቱም ጎማ በድንጋይ ወይም በጣውላ ይደገፍ።

5. አላይመንት ቤት ሂዱና የካስተርና የካምበር (ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያዘነበለበት ማዕዘን) ቁጥሩ ታትሞ ይሰጣችሁ። ብዙ ቦታ ጎማ ማቃናት ብቻ ሠርተው "ጨርሰናል" ይላሉ። ወረቀቱን ጠይቁ፤ ገንዘብ የከፈላችሁት ለእሱም ነው። ቁጥሩን የመኪናችሁ የጥገና መጽሐፍ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? እነዚህ ቁጥሮች ወረቀት ላይ ከሰፈሩ የቀረው ቀላል ነው።

ሦስተኛ፦ የትኛው ብራቾ ያስፈልጋችኋል?

ጎማው ከፓራፋንጎው መሐል ካልወጣ፣ ካስተሩ በልኩ ከሆነ፣ ንዝረት ከሌለ፣ ምንም አትግዙ። ይህን የሚላችሁ ሻጭ አይኖርም።

ፊቱ እንደ ፕራዶና ሃይሉክስ ለሆነ፦ ታችኛው ብራቾ ላይ ያሉት የካም ብሎኖች፣ ሲዞሩ ብራቾውን የሚያንቀሳቅሱት፣ ካስተርና ካምበርን በተወሰነ መጠን ያስተካክላሉ። አላይመንት ቤቱ በእነሱ ብቻ በልኩ ካመጣው ይበቃል። ነገር ግን ብሎኖቹ በዝገትና በጭቃ ተቆልፈው "አልስተካከልም አለ" የሚባልበት ጊዜ አለ። ያ ብራቾ ይግዙ ማለት አይደለም፤ ብሎኑን ማላቀቅ ወይም መቀየር ነው። ብሎኑ እየዞረ ካስተሩ አሁንም ካነሰ፣ ወይም ጎማው ተንጠልጥሎ ሲወርድ ላይኛው ብራቾ ሞላውን የሚነካ ከሆነ፣ ያኔ ላይኛ ብራቾ ይቀየር። ታችኛውን አትንኩት። የፊት ከፍታን ደግሞ ከ5 ሴ.ሜ. ብዙ ባታሳልፉት እመክራለሁ፤ ብራቾ ቢቀየርም የሲቪ ጆይንቱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መጋጠሚያ) መታጠፍ አይቀርለትም።

ላይኛው ብራቾ በሁለት ዓይነት ይመጣል። አንዱ ተጨማሪ ካስተር አስቀድሞ የተሠራበት፣ ራሱ ግን የማይስተካከል ነው። ሌላው ቦል ጆይንቱ (ጫፉ ላይ ያለው የኳስ መገጣጠሚያ) የሚንሸራተት ወይም ጎሚኒው የሚዞር ነው። ኤስፒሲ የሚባለው አምራች ብራቾ ለምሳሌ ቦል ጆይንቱ ይንሸራተታል። ለ5 ሴ.ሜ. የመጀመሪያው ይበቃል፤ የሚላቀቅ ነገር የለውም። ሻንሲው ቀድሞ የተጋጨ መኪና ካላችሁ ግን ግራና ቀኙን ለየብቻ የሚያስተካክለው ሁለተኛው ይሻላል። ተጋጭቶ የተቃና መኪና በከተማችን ብርቅ አይደለም።

ኋላው እንደ ፕራዶ ለሆነ፦ ለትንሽ ከፍታ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሚስተካከል ፓናርድ ነው። ቀጥሎ የሚስተካከል ላይኛ ብራቾ፣ ፒኞኑ ከተዛባ ብቻ። አክስሉ ጎልቶ ወደ ፊት ከተሳበ ደግሞ ታችኛው። ሥራቸውን እንዲህ ያዙት፤ ታችኛው አክስሉ የት እንደሚቆም ይወስናል፣ ላይኛው ወዴት ዘንበል እንደሚል። ታችኛው ድንጋይ የሚመታውም ስለሆነ፣ አክስሉ ሳይሳብ ብራቾው ብቻ ከተጣመመባችሁ በሚስተካከል ሳይሆን በወፍራም መተካት ይበቃል።

ከፍታው ከ10 ሴ.ሜ. ሲያልፍ የሚስተካከል ብራቾ ብቻውን መልስ አይሆንም። ብራቾው በጣም ያዘነብላል፣ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ይደነድናል። ያኔ የሻንሲ ማሰሪያውን ዝቅ ማድረግ ወይም ረጅም ብራቾ ይመጣል። ዝቅ ያለ ማሰሪያ ግን ድንጋይ ይነካል፤ ከፍ ያደረጋችሁትን መልሶ ይወስድባችኋል። ለዳርቻው መንገድ ይህን ያህል ከፍታ ማንም አያስፈልገውም ባይ ነኝ።

አራተኛ፦ ጫፉን ምረጡ

ሰው ሁሉ የሚያየው የብራቾውን ቱቦና ቀለሙን ነው። ለእኛ መሬት ግን ወሳኙ ጫፉ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ነው። አራት ዓይነት አለ።

የጎማ ጎሚኒ። ፋብሪካው የሚያስገባው ነው። ድምፅ የለውም፣ የኮብልስቶን መንቀጥቀጥን ይውጣል፣ አቧራ አይገባበትም፣ ግሪስ አይጠይቅም። ጉድለቱ አክስሉ በጣም ሲጣመም መጠምዘዙ ውስን መሆኑ ነው።

ፖሊዩሬቴን ጎሚኒ። ጠንካራ ነው፤ ዘይትና ነዳጅም ቶሎ አይበላውም። ነገር ግን ወደ ጎን መጠምዘዝ አይወድም። አንድ ጎማ ጉድጓድ ገብቶ ሌላው ጉብታ ሲወጣ ብራቾው መጠምዘዝ አለበት፤ ፖሊው ሲታገለው ኃይሉ ወደ ማሰሪያው ይሄዳል። ግሪሱ ሲደርቅ ደግሞ ሲጥ ሲጥ ይላል። ለቀላል አስፋልት መኪና ጥሩ ነው። ለብራቾ ሁለቱም ጫፍ ፖሊ የሆነውን አልገዛም።

ሄይም ጆይንት ወይም ሮድ ኤንድ። ኳሱም ቀለበቱም ብረት ነው። በሁሉም አቅጣጫ እንደልብ ይዞራል፤ የእሽቅድድም ሰው ይወደዋል። እኛ ጋ ግን ከሰንዳፋ ኮረኮንች ላይ የሚነሳው አቧራ ኳሱ ውስጥ ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። መኳኳት ከጀመረ የሚጠገን ነገር የለውም፤ ሙሉው ይጣላል። የመንገዱም ድምፅ ቀጥታ ወደ ጋቢናው ይመጣል። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና አይሆንም።

የሚታደስ ኳስ መገጣጠሚያ። በጣም የሚታወቀው የኩሪ ጆኒ ጆይንት ነው። የብረት ኳስ በሁለት የፖሊዩሬቴን ሽፋን መካከል ይቀመጣል፣ ግሪስ ኒፕል አለው፣ 30 ዲግሪ ገደማ ይጠማዘዛል። ሲላላ ፈትታችሁ ማጥበቅ ወይም ሽፋኑን መቀየር ይቻላል። ድምፁ ከጎማ ጎሚኒው ትንሽ ይበልጣል፣ ከሄይሙ እጅግ ያንሳል።

የእኔ ምርጫ አንድ ጫፉ የጎማ ጎሚኒ፣ ሌላው ጫፉ የሚታደስ ኳስ የሆነ ብራቾ ነው። ኳሱ መጠምዘዙን ይወስዳል፣ ጎማው መንቀጥቀጡን። የጎማውን ጫፍ ሻንሲው በኩል ካደረጋችሁት ወደ ጋቢናው የሚመጣው ድምፅ ይቀንሳል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። "ጎሚኒው የፋብሪካው ልክ ነው ወይ?" የቶዮታን ልክ ጎሚኒ የሚቀበል ብራቾ ከሆነ፣ ጎሚኒው ሲያልቅ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ትገዛላችሁ፤ ማንኛውም ጋራዥ ተጭኖ ያስገባላችኋል። ልኩ የአምራቹ ብቻ ከሆነ አንዲት ጎሚኒ ከውጭ እስክትመጣ መኪናችሁ ግቢ ይቆማል። ለኳሱ ጫፍም ቢሆን የማደሻ ዕቃውን ከብራቾው ጋር አብራችሁ እዘዙ። የማጓጓዣው ወጪ አንድ ጊዜ ይሁን።

አምስተኛ፦ ቱቦውና ጥርሱ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ታችኛ ብራቾ ድንጋይ ላይ ሊቀመጥ ስለሚችል ወፍራም ይሁን። 50 ሚ.ሜ. ገደማ ስፋት፣ 6 ሚ.ሜ. ገደማ የግድግዳ ውፍረት ያለው ስፌት አልባ ወይም በብርድ የተሳበ የብረት ቱቦ የተለመደ ልክ ነው። ላይኛው ድንጋይ ስለማያገኘው ቀጠን ቢል ችግር የለም።

የሚስተካከለው በጥርስ ነው። በአንድ ጫፍ ብቻ ጥርስ ያለው ብራቾ ለማስተካከል አንዱ ብሎን ወልቆ መዞር አለበት። በአንድ ጫፍ የቀኝ፣ በሌላው የግራ ጥርስ ያለው ግን መኪናው ላይ እንደታሰረ መሐሉን በቁልፍ በማዞር ይረዝማል ወይም ያጥራል። ሁለተኛው ለላይኛ ብራቾ ምቹ ነው፤ ፒኞንና ካስተር አንድ ጊዜ ተስተካክሎ አያልቅምና። ለታችኛው አንድ ጊዜ ተለክቶ የሚተው ስለሆነ የመጀመሪያው ይበቃል።

ጥርሱ ወደ ቱቦው የሚገባው ርዝመት ቢያንስ የጥርሱን ውፍረት ያህል ይሁን። ውፍረቱ 32 ሚ.ሜ. ከሆነ ቢያንስ 32 ሚ.ሜ. ውስጥ ይግባ፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። የምትፈልጉት ርዝመት ጥርሱን ከዚህ በላይ የሚያወጣ ከሆነ ብራቾው ለእናንተ መኪና አጭር ነው። መቆለፊያ ዳዶው ወፍራም መሆኑን፣ ጥርሱ ላይ ግሪስ ወይም የዝገት መከላከያ መቀባቱን እዩ። ደረቅ ጥርስ ሁለት ክረምት ካለፈበት ማስተካከያ መሆኑ ይቀራል።

በየሰፈሩ ያለው የብየዳ ቤት "እኔ እሠራልሃለሁ፣ ርካሽ ነው" ሊላችሁ ይችላል። በር፣ አጥር፣ የጣሪያ ፖርታ ይሥራላችሁ። ብራቾ ግን ከውሃ ቧንቧ አይሠራም። ፍሬን ስትይዙ የሙሉ መኪናው ግፊት የሚያርፈው በዚያ ብየዳ ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ቁልቁል እየወረዳችሁ ቢላቀቅ አክስሉ ወደ ኋላ ነው የሚታጠፈው። የተጠቀሙበት ብራቾ ስትገዙም ብየዳውን በደንብ አጽድታችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፣ ጥርሱን እስከመጨረሻው በእጅ አዙሩ። በእጅ ካልዞረ አትውሰዱት።

ስድስተኛ፦ ማሰርና ልክ ማውጣት

አዲሱን ብራቾ ከአሮጌው ጎን አስተኙት። ከብሎን ቀዳዳ መሐል እስከ ብሎን ቀዳዳ መሐል እኩል አድርጉት። ከዚያ የለካችሁትን ጨምሩ። አክስሉ 1.5 ሴ.ሜ. ከተሳበ ታችኛውን ያን ያህል ገደማ አርዝሙ። ግራና ቀኙ ታችኛ ብራቾ በአንድ ልክ ይሁን፤ ሚሊ ሜትር ሳይቀር።

አንድ አንድ ብራቾ ብቻ ፍቱ። ሁሉንም በአንዴ ከፈታችሁ አክስሉ ይዞርና ቀዳዳ ማግኘት ፈተና ይሆናል። ሻንሲው በብረት መቆሚያ ይደገፍ፣ አክስሉ ሥር ክሪክ ይኑር። ክሪክ ብቻውን ባለበት መኪና ሥር አይገባም።

ላይኛውን ስታስተካክሉ አቅጣጫው እንዳያምታታችሁ። ኋላ ላይ ላይኛው ሲረዝም የአክስሉ አናት ወደ ኋላ ይሄድና ፒኞኑ ቀና ይላል። ሲያጥር ይደፋል። እንደ ራንግለር ፊቱ አራት ብራቾ ያለው መኪና ላይ ደግሞ ላይኛውን ማሳጠር ወይም ታችኛውን ማርዘም ካስተር ይጨምራል፤ ነገር ግን የፊቱን ፒኞን ይደፋዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም። መሪው ሕይወት ስለሆነ ካስተሩን አስቀድሙ።

ምን ያህል ልዙር ለሚል፦ አክስሉ ላይ በላይኛውና በታችኛው ብሎን መካከል 20 ሴ.ሜ. ካለ፣ 1 ዲግሪ ለመቀየር 3.5 ሚ.ሜ. ይበቃል። በኢንች 12 ጥርስ ያለው ብሎን በአንድ ዙር 2.1 ሚ.ሜ. ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ዲግሪ ሁለት ዙር አይሞላም። በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ካለው አንድ ዙር እንኳ አይሞላም። ሰው የሚሳሳተው ብዙ በማዞር ነው።

የኋላ ፒኞን ስንት ይሁን? ፕሮፔለር ሻፍቱ በየጫፉ አንድ አንድ ክሮቸራ ካለው፣ የፒኞኑና የትራንስፈር ኬዙ መውጫ ማዕዘን እኩልና ትይዩ ይሁን። ትራንስፈር ኬዙ በኩል ድርብ ክሮቸራ ካለው ግን ፒኞኑ በቀጥታ ወደ ሻፍቱ ያነጣጥር፤ ከሻፍቱ መስመር 1 ወይም 2 ዲግሪ ዝቅ ይበል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ቀና ስለሚል።

ብሎኖቹን ማጥበቅ ላይ አንድ ሕግ አለ፣ ሲጣስም በየቀኑ ይታያል። የጎማ ጎሚኒ ያለበት ብሎን መኪናው በጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው መጥበቅ ያለበት። ተንጠልጥሎ እያለ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል። ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። ከዚያ "ዕቃው ፌክ ነው" ይባላል። መጠኑን ከጥገና መጽሐፉ አይታችሁ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ።

ሰባተኛ፦ ከመውጣታችሁ በፊትና በኋላ

አክስሉን አንድ ጎን በክሪክ አንሱ፣ ሌላው ይንጠልጠል። የፍሬን ሆዙ ተወጠረ? የኤቢኤስ ሽቦው? ብራቾው ጭስ ማውጫውን ወይም የነዳጅ ታንኩን ይነካል? ሞላው ከመቀመጫው ይወጣል? ፊቱን ከሆነ መሪውን እስከ መጨረሻው በግራም በቀኝም አዙራችሁ እዩ። ከዚያ ጎኑን ቀይሩና ድገሙት።

ከዚያ ቀጥታ አላይመንት ቤት። ፊቱን ብትነኩም ኋላውን ብቻ ብትነኩም።

ለመሞከሪያ ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ ያለው አስፋልት ይበቃል። ፍጥነት ስትጨምሩ የሚመጣ፣ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ የሚቀየር ንዝረት ካለ ፒኞኑ ገና ነው። በአንድ ፍጥነት ላይ ብቻ የሚመጣ የመሪ መንቀጥቀጥ ግን ብዙ ጊዜ የጎማ ባላንስ ነው፤ ብራቾውን አትክሰሱት። ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ስትሄዱ "ቋ ቋ" የሚል ካለ መቆለፊያ ዳዶው ላልቶ ሊሆን ይችላል። በዳዶውና በቱቦው ላይ በቀለም አንድ መስመር ብትስሉ፣ መላላቱን ሥር ገብታችሁ በዓይናችሁ ታውቃላችሁ።

ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ሁሉንም ብሎን ደግማችሁ አጥብቁ። ክረምት ላይ ከዋልካ ስትመለሱ ላቫጆ ቤቱ ጭቃውን ያውርድ፤ ነገር ግን ባለ ግፊቱን ውሃ ኳሱ መገጣጠሚያ ላይ እንዳያነጣጥር ንገሩት። ከታጠበ በኋላ አዲስ ግሪስ ጨምሩ፤ አሮጌው ከነጭቃው እስኪወጣ ድረስ። ለቦሎ ምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ የዳዶዎቹን መስመር አንድ ጊዜ እዩና አዲሱን የአላይመንት ወረቀት መኪናው ውስጥ አስቀምጡ።